ነፍሳት በሉ ባለገንቦ ተክል ጀሪፍን ለምን አይችልም፣ ደጋውን ለምን ይወዳል

በካርቱም ጀሪፍ ለኖረ ሐበሻ ስለ ሙቀት ማስረዳት አያስፈልግም። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። ሌሊቱም ቢሆን ከ27 ዲግሪ ብዙ ዝቅ አይልም። በእነዚያው ወራት በመተማ ተሻግሮ ጎንደር የገባ መንገደኛ ግን ማታ ጋቢ ይደርባል። እዚህ የምናወራለት ተክል የሚኖረውም የሚሞተውም በእነዚህ ሁለት ሌሊቶች ልዩነት ነው።

ተክሉ ኔፔንቴስ ይባላል። በቅጠሉ ጫፍ ላይ ክዳን ያለው ገንቦ አንጠልጥሎ ነፍሳት ይይዛል፤ የያዘውንም በገንቦው ውስጥ ባለ ፈሳሽ አሟሙቶ ይመገባል። ከ170 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት በቦርኒዮ፣ በሱማትራ፣ በፊሊፒንስ፣ በሱላዌሲና በኒው ጊኒ ነው። ወደ እኛ ወገን የቀረቡት የማዳጋስካርና የሲሼልስ ዝርያዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ኤትየን ደ ፍላኩር የማዳጋስካሩን ተክል በመጽሐፉ የጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1658 ነው። በዋናው የአፍሪካ ምድር ላይ ግን በዱር የሚበቅል ኔፔንቴስ የለም።

ይህ ሲባል አገራችን ነፍሳት በል ተክል የላትም ማለት አይደለም። ዩትሪኩላሪያ የሚባለው ትንሽ ተክል በኢትዮጵያ ረግረጎችና በደቡብ ሱዳኑ የሱድ ረግረግ ይገኛል። ከውሃ ወይም ከጭቃ ሥር ባሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ የውሃ ተሐዋስያንን ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጥጦ ያስገባል። ወጥመዱ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ልየው ያለ ሰው አጉሊ መነጽር ያስፈልገዋል። የኔፔንቴስ ገንቦ ግን ከሩቅ ይታያል፤ ብዙ ሰውም ቤቱ ውስጥ ሊያሳድገው የሚመኘው እሱን ነው።

ገንቦው እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት እንየው። አዲሱ ቅጠል ሲዘረጋ ከጫፉ ቀጭን ሐረግ ይወጣል። የሐረጉ ጫፍ መጀመሪያ በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ነው። እብጠቱ ወደ ላይ ታጥፎ በአየር እንደተነፋ ያድጋል፤ በዚህ ጊዜ ክዳኑ ገና እንደታሸገ ሲሆን ውስጡ ግን ተክሉ ራሱ ያመነጨው ንጹሕ ፈሳሽ አለበት። ሙሉ መጠኑን ሲይዝ ክዳኑ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የአፉ ዙሪያ ወደ ውጭ ተቀልብሶ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ባለመስመር ጠርዝ ይሆናል። ጠርዙ ላይ እጅግ ቀጫጭን ሸንተረሮች ተደርድረዋል። ዝናብ፣ ጤዛ ወይም የራሱ ጣፋጭ ፈሳሽ ሲያረጥባቸው የውሃ ስስ ንጣፍ ይዘረጋባቸዋል፤ ጉንዳኑም እግሩ የሚቆናጠጥበት አጥቶ ይንሸራተታል። ጠርዙ ደረቅ ከሆነ ያው ጉንዳን ወጥቶ ወርዶ በሰላም ይሄዳል። ተክሉ እርጥበት አዘል አየር የሚሻበት አንዱ ምክንያት በዚህ ይገባናል፤ አየሩ ከደረቀ ወጥመዱም አይሠራም።

ነፍሳት የሚበላው ለኃይል አይደለም። ምግቡን እንደ ሌላው አረንጓዴ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ከነፍሳቱ የሚፈልገው በሚኖርበት አፈር ውስጥ የሌለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ሁከር እ.ኤ.አ. በ1874 ቤልፋስት ላይ ባቀረበው ጥናት የኔፔንቴስ ገንቦ የእንቁላል ነጭና ሥጋ እንደሚፈጭ አሳይቷል። ከአንዳንድ ዝርያዎች ጋር በተያያዘ የተገኘው ደግሞ ከዚህም ይደንቃል። በቦርኒዮ ተራሮች የሚበቅለው ኔፔንቴስ ሎዊ ከክዳኑ ሥር ጣፋጭ ነገር ያመነጫል። ቱፓያ የምትባል ሽኮኮ መሰል እንስሳ ገንቦው ላይ ተቀምጣ ያንን ትልሳለች፤ እየላሰችም እዚያው ትጸዳዳለች። ተክሉ አብዛኛውን ናይትሮጅን የሚያገኘው ከኩሷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኔፔንቴስ አብቃዮች ዝርያዎቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል፦ የቆላና የደጋ። ድንበሩ በግምት ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በቦርኒዮ ጠረፍ አማካይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ቢሆን ኪናባሉ ተራራ ላይ 2,000 ሜትር ሲወጣ 15 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። ከዝርያዎቹ ሁሉ ግዙፍ ከሆኑት አንዱ የሆነው ኔፔንቴስ ራጃ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ በዚሁ በኪናባሉና በአጎራባቹ ታምቡዩኮን ተራራ ይበቅላል። ገንቦው ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ኔፔንቴስ ቪሎሳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

ይህን ስሌት ወደ እኛ እናምጣው። ካርቱም በ380 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ2,350 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ 2,000 ሜትር ያህል ስለሆነ በስሌቱ መሠረት 12 ዲግሪ ይሆናል። የሁለቱን ከተሞች የዓመት አማካይ ሙቀት ያነጻጸረ ሰውም ወደ 13 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያገኛል። ስለዚህ ደጋውን ቦርኒዮ ድረስ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችን ተወልደን ያደግንበት ነው።

የደጋው ኔፔንቴስ ቀን ከ20 እስከ 26 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይስማማዋል። ቀኑ ለጥቂት ሰዓት 30 ቢገባ ይችላል። የማይችለው በተከታታይ የሚሞቅ ሌሊትን ነው። ተክል ቀን በብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ቀንም ሌሊትም እየተነፈሰ ከዚያው ላይ ያወጣል። ሙቀት ሲጨምር የትንፋሹ ወጪ ይጨምራል። ሌሊቱ 27 ዲግሪ ከሆነ ቀን ያጠራቀመው ሌሊቱን ያልቃል፤ ለአዲስ ቅጠልና ለገንቦ የሚተርፈው የለም። ተክሉ ወዲያው ስለማይሞት ብዙ ሰው ይታለላል። ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሆኖም አዲስ የሚወጣው ቅጠል ከቀደመው ያንሳል፣ ቀጣዩም ከዚያ ያንሳል፣ ገንቦ መሥራትም ያቆማል። ከዚያ አንድ ቀን ማዕከሉ ይጠቁራል።

ይህን ስህተት በዓለም ላይ በስፋት የሠሩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ናቸው። የቪች ቤተሰብ የአትክልት ድርጅት ሰብሳቢዎችን ወደ ሩቅ ምሥራቅ እየላከ ኔፔንቴስ ያስመጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሂው ሎው ራጃን ኪናባሉ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፤ ሁከር ስሙን ያወጣለት በ1859። ባለጠጎች እነዚህን ተክሎች በእንፋሎትና በከሰል በሚሞቅ የመስታወት ቤት ውስጥ አስቀመጧቸው። ከሐሩር አገር የመጣ ሁሉ ሙቀት ይወዳል ብለው አስበው ነበር። የቆላዎቹ ለመለሙ፤ የተራራዎቹ ግን በአብዛኛው እየመነመኑ አለቁ። ዛሬም ቢሆን ከአሥር ጀማሪ ዘጠኙን የሚያሳስተው ይኸው አስተሳሰብ ይመስለኛል።

ጀሪፍ ውስጥስ ጭራሽ አይቻልም? ጥያቄው በደንብ ሊታይ የሚገባው ነው፤ መልሱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይለያል። ከዚያ በፊት ግን መባል ያለበት አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን ነዋሪ በትኗል። ጀሪፍ ይኖሩ ከነበሩ ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ንብረታቸውን ጥለው በመተማ በኩል ወጥተዋል። መብራትና ውሃ ባጣ ከተማ ስለ ጌጥ ተክል ማውራት ተገቢ አይደለም። ጀሪፍን እዚህ የማነሳው ለመለኪያ ነው፤ የደረቅ ቆላን አየር በአካል ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኝለትም።

የካርቱም አየር ከመሞቁ በላይ ደረቅ ነው። በሱዳን ቤቶች መስኮት ላይ የሚተከለው የውሃ ሙከይፍ የሚሠራውም በዚህ ደረቅነት ነው። በውሃ በራሰ የሣር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ አየር ይስባል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከአየሩ ይወስዳል። በየመንገዱ ዳር ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጠው የሸክላ ዚር ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ስሌቱን እንየው። አየሩ 41 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 15 ከመቶ ቢሆን ውሃ በማትነን ብቻ ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት 21 ወይም 22 ዲግሪ ነው። ሌሊቱ 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 ከመቶ ቢሆን ደግሞ 16 ዲግሪ። እውነተኛው ማሽን ከዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የሚነፋው አየር ግን ቀዝቃዛም እርጥብም ነው። ኔፔንቴስ የሚፈልገው ደግሞ ሁለቱንም ነው። ስለዚህ በበጋው ጫፍ ላይ፣ ሰው በማይጠብቅበት ጊዜ፣ ጀሪፍ ውስጥ አንድ ክፍል ለተክሉ የሚቀመስ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ሱዳኖች ኸሪፍ በሚሉት የዝናብ ወቅት ነው። በነሐሴ አየሩ 36 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 ከመቶ ሲሆን ማትነን የሚያወርደው እስከ 27 ዲግሪ ብቻ ነው። ሙከይፉ ውሃ ይረጫል እንጂ ብዙም አያቀዘቅዝም። ሰው ሙቀቱ ቀነሰ ብሎ እፎይ በሚልበት ወር የደጋው ተክል ይሞታል። ያኔ የሚያድነው ኮምፕሬሰር ያለው ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። ያረጀ ፍሪጅ ወይም ሙቀት እንዳያስገባ የተሸፈነ ሣጥን ውስጥ የኤልኢዲ መብራት አስገብቶ ሌሊቱን እስከ 14 ዲግሪ ማውረድ ይቻላል፤ በሌሎች ሞቃት አገሮች ያሉ አብቃዮችም እንዲህ ያደርጋሉ። ሆኖም መብራት ለሁለት ሞቃት ሌሊት ቢጠፋ የዓመት ድካም ያበላሻል። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በቆላ የሚኖር ሰው የደጋ ኔፔንቴስ አይግዛ። ራፍሌዚያና፣ አምፑላሪያ ወይም ሚራቢሊስ የሚባሉት የቆላ ዝርያዎች ከ24 እስከ 33 ዲግሪ ይኖራሉ። የሚፈልጉት እርጥብ አየር፣ ጥላና ከአቧራ መጠበቅ ነው። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በነፈሰ ማግሥት ቅጠሉንና የገንቦውን ጠርዝ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው፤ አቧራ የለበሰ ጠርዝ አያንሸራትትም። መተማ፣ ሁመራ ወይም ጋምቤላ ላለ አንባቢም ምክሬ ይኸው ነው።

የጀሪፍ አፈርም ሌላ ትምህርት ይዟል። ሰፈሩ የጥቁር ዓባይ ዳርቻ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደው ደለል እዚያ አትክልት ያበቅላል፣ ጡብም ይወጣዋል። ገበሬ የሚመኘው አፈር ነው። ለኔፔንቴስ ግን መርዝ ነው። ይህ ተክል ሥሩ ጥቁርና ስስ ነው፤ ለሺህ ዓመታት የኖረውም ምንም በሌለው ድሃ መሬት ላይ ነው። ለም አፈር፣ ፍግ፣ ዩሪያ ወይም ዳፕ ያገኘው እንደሆነ ሥሩ ይቃጠላል። አሳዝኖዎት ማዳበሪያ ቢጨምሩለት ገደሉት ማለት ነው።

መትከያው እንግዲህ አፈር መሆን የለበትም። የተለመደው ስፋግነም የተባለው የደረቀ የረግረግ ተክል ከፐርላይት ጋር ተቀላቅሎ ነው። እሱ ካልተገኘ የኮኮናት ገለባ ቁራጭ ከፐሚስ ጋር እኩል በኩል ይሠራል። ለግንባታ የሚሸጠው ሬድ አሽ ደቃቁ ተነፍቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ ፐሚስን ሊተካ ይችላል። የኮኮናቱ ገለባ ብዙ ጊዜ ጨው ስላለበት ሁለት ሦስት ቀን በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ መታጠብ አለበት። ድብልቁን በእጅ ጨብጠው ሲጨምቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው። እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ከሥሩ ውሃ የሞላ ሳህን ማስቀመጥ ለሌሎች ረግረግ ወዳድ ተክሎች ይሆናል፤ የኔፔንቴስን ሥር ግን ያበሰብሳል።

ውሃው ከሁሉ ይበልጣል። ቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ጨው በየቀኑ መትከያው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ የሟሟ ማዕድን ያለበትን ውሃ አዘውትሮ ማጠጣት አይገባም፤ ከ50 በታች ቢሆን ይመረጣል። የሟሟ ማዕድንን የምትለካው ትንሿ የቲዲኤስ መለኪያ ይህን ወዲያው ትነግርዎታለች። አዲስ አበባ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦችም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ውሃ ታገኛለች። የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ማዕድን ስለሚበዛበት የአንዱ ሰፈር ውሃ የሌላውን አይሆንም፤ ቤትዎ የሚደርሰውን ይለኩ። አምቦ ውሃ ለሰው መልካም ነው፤ ለዚህ ተክል ግን ጠላት ነው።

መፍትሔው ጣሪያችን ላይ አለ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ይሰጣል። በአዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ አሥር ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ከ2,000 ሊትር በላይ ያስገኛል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጣሪያውንና አሸንዳውን እንዲያጥቡ ማሳለፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በሮቶ ወይም በጀሪካን ሞልቶ ከብርሃን መከለል ነው። ለአንድ ማሰሮ ተክል ጥቂት ጀሪካን በጋውን ያሻግራል። ካርቱም ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ከ200 ሚሊ ሜትር በታች መሆኑን ያየ ሰው የደጋው ኑሮ ምን ያህል የታደለ እንደሆነ ይረዳል።

በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በደሴ ቀኑ 20ዎቹ ውስጥ፣ ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ለተክሉ ቤቱ እንደመግባት ነው። በሌላ ዓለም ያለ አብቃይ በማሽን የሚሠራውን ቀዝቃዛ ሌሊት እኛ በነፃ እናገኘዋለን። የቀኑም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቦርኒዮ ከለመደው አይርቅም። እንደ ጎሬና ማሻ ያሉ የደቡብ ምዕራብ ከተሞች ደግሞ እርጥበቱንም ጨምረው ይሰጡታል። በደብረ ብርሃን ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ስለሚወርድ ማታ ማታ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች መሃል ላይ ትገኛለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሞቃት ቀናት ጥላና ውሃ ቢጨመርለት ቀለል ያሉት ዝርያዎች ይኖሩባታል።

የደጋችን ችግር ሁለት ነው፦ የበጋው ድርቀትና የፀሐዩ ኃይለኝነት። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰዓት በኋላ አየሩ በጣም ይደርቃል፤ ገንቦ ሊሆን የነበረው የሐረግ ጫፍ ሳይነፋ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በእነዚህ ወራት ትንሽ ተክል በመስታወት ሣጥን ወይም አሮጌ የዓሣ ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን ገርበብ ማድረግ ይረዳል። ትልቁን ከሌሎች ቅጠለ ሰፊ ተክሎች ጋር አጠጋግቶ ማታ ማታ ውሃ መርጨት ይበቃል። በኤሌክትሪክ ጭጋግ የሚያወጣ ማሽን የሚጠቀም ሰው የዝናብ ውሃ ብቻ ይጨምርበት፤ ማሽኑ የውሃውን ማዕድን ሳይለይ ቅጠሉ ላይ ይነፋዋል።

ብርሃንን በተመለከተ የጠዋት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ጥላ መረብ ወይም የዛፍ ጥላ ጥሩ ነው። በረንዳ ተስማሚ ቦታ ነው፤ በክረምት በረዶ ገንቦውን እንዳይሰባብርም ይከላከላል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጅምና ልፍስፍስ ሆኖ ገንቦ ካልሠራ ብርሃን አንሶታል። ቅላት ቢጤ ካለው በቂ ነው። ነጣ ብሎ ከተቃጠለ በዝቶበታል።

አመጋገቡን ጉዳይ ማድረግ አያስፈልግም። በረንዳ ላይ ያለ ተክል ጉንዳኑንና ዝንቡን ራሱ ይይዛል። ቤት ውስጥ ላለው በየጥቂት ሳምንቱ ለአንድ ገንቦ አንድ የሞተ ነፍሳት ይበቃል። የሥጋ ቁራጭ፣ አይብ ወይም የምግብ ትራፊ ገንቦውን ያበሰብሰዋል። በውስጡ ያለውን ፈሳሽ አይድፉት፤ በጉዞ ከፈሰሰ እስከ ሲሶው የዝናብ ውሃ ይጨምሩበት።

የትኛውን ዝርያ? ለጀማሪ ያለጥርጥር ኔፔንቴስ ቬንትሪኮዛ፣ ወይም ቬንትራታ የሚባለው ድቅሉ። ቬንትሪኮዛ የፊሊፒንስ ተራሮች ተወላጅ ነው። ወገቡ የጠበበ፣ ከንፈሩ ቀይ የሆነ ገንቦ አለው፤ እርጥበቱ 50 ከመቶ ቢወርድ፣ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ ቀኑ 30 ቢገባ ይታገሳል። ከማሌዢያ ተራሮች የመጣው ሳንጉዊኒያም ጥሩ ነው። ራጃን፣ ቪሎሳንና ሱላዌሲ የምታበቅለውን ባለጥርስ ሐማታ ግን ጀማሪ አይመኛቸው። ዝግ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ ራጃ ከዘር ተነስቶ ትልቅ ገንቦ እስኪያወጣ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ተክሉ ከሩቅ ሲመጣ ያሉት ገንቦዎች መድረቃቸው አይቀርም። እነዚያ የተሠሩት ለቀድሞው ቦታ አየር ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው እርስዎ ቤት የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልጽ ላስቲክ አልብሶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መክፈት ያለምደዋል። በዚህ ጊዜ መትከያ መቀየር፣ ቦታ ማዘዋወርና መቁረጥ አያስፈልግም። ከተላመደ በኋላ ማብዛቱ ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ግንድ ተቆርጦ፣ ቅጠሉ በግማሽ ተከርክሞ እርጥብ ስፋግነም ላይ ይተከላል፤ በላዩ ላይ ታችኛው ወገኑ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይደፋበታል። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ዘር ለማግኘት የሚመኝ ሰው ግን ወንዴና ሴቴ ተክሎች ለየብቻ መሆናቸውንና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማበብ እንዳለባቸው ይወቅ።

ከውጭ አገር ለሚያስመጣ ሰው ሕጉን ማወቅ ግዴታ ነው። በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይትስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ ስምምነት ኔፔንቴስን በሙሉ ይመለከታል። ራጃና የሕንዱ ኻሲያና በጥብቁ አንደኛ መዝገብ፣ የቀሩት በሁለተኛው መዝገብ ሰፍረዋል። ኢትዮጵያም ሱዳንም የስምምነቱ አባል ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ማንኛውም ሕያው ተክል የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። በሻንጣ ደብቆ ማስገባት ወንጀል ነው፤ ከተክሉ ጋርም ነፍሳትና በሽታ ወደ እርሻችን ሊያስገባ ይችላል። በተፈጥሮ ቦታቸው ጥቂት የቀሩ ዝርያዎች አሉ፤ ያጠፏቸውም ደን መመንጠርና ከዱር እየነቀሉ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። በስሪላንካ ደጋ እንዳለው ቦርኒዮ ኤግዞቲክስ ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች በቤተ ሙከራና ከዘር የተባዙ ተክሎችን ስለሚሸጡ ከዱር የተነቀለ የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ተክሉን ከመግዛትዎ በፊት ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ገዝተው ሊያስቀምጡበት ባሰቡት ቦታ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። የሌሊቱ ቁጥር በተከታታይ ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ ቬንትሪኮዛን ያስመጡ። ከ20 በላይ ከሆነ የቆላውን ዝርያ ይምረጡ።